ጠያቂና ተጠያቂ፦ የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ተወዳዳሪ እና «ዐዋቂ» የሚለው ስያሜ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ የሚቀርብ ተወዳዳሪ «ዐዋቂ ነው» ወይም «ዐዋቂ አይደለም» ተብሎ የሚዳኝበትን መንገድ ይመረምራል። ጽሑፉ መረጃ በመጠይቅ ተሰብስቦ የተሠራ የመስክ ጥናት አይደለም። ቀደም ሲል የታተሙ የሥነ ልቡና ጥናቶችን፣ የአገራችንን የእንቆቅልሽና የሙግት ልማድ እንዲሁም በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ያደገውን ጸሐፊ የግል ተሞክሮ በማገናዘብ የቀረበ ሐሳባዊ ትንታኔ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ሦስት ነጥቦች አሉት። አንደኛ፣ የተወዳዳሪው መሳሳት የሚመነጨው ከዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ሚና ጭምር ነው። ሁለተኛ፣ የጥያቄ አወጣጥ ጉድለት ብዙ ጊዜ እንደ ተወዳዳሪው ጉድለት ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ በውድድሩ ቅርጽ ሊጠየቅ የማይችል ዕውቀት እንዳልነበረ ሆኖ ይታያል። በመጨረሻም ለትምህርት ቤት የጥያቄና መልስ ውድድሮች የሚጠቅሙ ምክረ ሐሳቦች ቀርበዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ ጥያቄና መልስ፣ ተወዳዳሪ፣ ሚና፣ እንቆቅልሽ፣ ዕውቀት፣ አቃቂ ቃሊቲ

1. መግቢያ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ጥያቄ የተወለደው ከቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ከሳሎን ነው። አባቴ በአቃቂ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በማሽን ጥገና ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በእረፍት ቀን ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የጥያቄና መልስ ዝግጅት ሲመለከት እኛ ልጆች ከተወዳዳሪዎቹ ቀድመን ለመመለስ እንሽቀዳደማለን፤ እርሱ ግን ዝም ይላል። አንድ ቀን ታናሽ እኅቴ «አባዬ፣ አንተም ሞክር እንጂ» ብትለው፣ «ልጄ፣ ይህ ለተማረ ሰው ነው» ሲል መለሰላት። ይህን ያለው ሰው የሽመና ማሽን ኩሽኔታ ሊበላ መቃረቡን ማሽኑ ሳይፈታ በድምፁ ብቻ የሚለይ ሰው ነው።

መልሱ ትሕትና ብቻ አልነበረም። ለዓመታት በቴሌቪዥን መስኮት የተመለከተው ነገር ዕውቀት ምን እንደሚመስል አስተምሮታል፤ በተማረው ትምህርት መሠረትም ራሱን ከዐዋቂዎች መዝገብ ሰርዟል። ስለዚህ የጽሑፉ ጥያቄ ይህ ነው፦ የጥያቄና መልስ ውድድር ስለ ተወዳዳሪውና ስለ ተመልካቹ ዕውቀት የሚነግረን ምንድን ነው? የማይነግረንስ?

2. የውድድሩ ዓይነቶች

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የጥያቄና መልስ ውድድር ግን ከቴሌቪዥን በፊት በትምህርት ቤት መድረክ ላይ የሚታወቅ ነገር ነው። የክፍል ከክፍልና የትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት ውድድር፣ የወላጆች ቀን ዝግጅት፣ የደብተርና የመዝገበ ቃላት ሽልማት ለብዙ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኢቢኤስ ቴሌቪዥን የሚተላለፈውና በነጻነት ወርቅነህ አዘጋጅነት የሚታወቀው «የቤተሰብ ጨዋታ» ተወዳዳሪነትን ከግለሰብ ወደ ቤተሰብ አሸጋግሮታል።

በዓለም ላይ የታወቁትን የውድድር ዓይነቶች በሦስት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው መሰላላዊ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1998 በብሪታንያ የጀመረውና በብዙ አገሮች የተቀዳው «ሚሊየነር መሆን የሚፈልግ ማን ነው?» የተሰኘው ዝግጅት የዚህ ምሳሌ ነው። ተወዳዳሪው እየከበዱ የሚሄዱ ጥያቄዎችን በአራት አማራጮች እየመለሰ ይወጣል፤ በእያንዳንዱ እርከን ላይም ያገኘውን ገንዘብ ይዞ ማቆም ወይም መቀጠል ይችላል። ሁለተኛው ግምታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ የጀመረው የቤተሰቦች ፉክክር ዝግጅት ትክክለኛ መልስ የሚለው እውነተኛውን ነገር ሳይሆን ለጥያቄው መልስ የሰጡ 100 ሰዎች አብዝተው የተናገሩትን ነው። በዚህ ዓይነቱ ውድድር የሚያሸንፈው ብዙ ያነበበ ሳይሆን ሰዎች እንዴት እንደሚያስቡ የሚገምት ነው።

ሦስተኛው መርማሪያዊ ሊባል ይችላል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1972 የጀመረው «ማስተርማይንድ» ተወዳዳሪውን በጨለማ መካከል ብርሃን በተተኮረበት ጥቁር ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። የዝግጅቱ ፈጣሪ ቢል ራይት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች ተማርኮ የነበረ ሲሆን፣ ሐሳቡን ያገኘው በጌስታፖ ከተደረገበት ምርመራ መሆኑን ተናግሯል። ምርኮኛ ስሙን፣ ማዕረጉንና መለያ ቁጥሩን እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ተወዳዳሪውም ስሙን፣ ሥራውንና የመረጠውን የዕውቀት ዘርፍ ይጠየቃል። ከጨዋታው በስተጀርባ የምርመራ ክፍል መኖሩ ለዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ጠቃሚ ምስክር ነው፤ ጠያቂና ተጠያቂ በእኩል ስፍራ ላይ አይቀመጡም።

ለዚህም በታሪክ የታወቀ ማሳያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ «ሃያ አንድ» በተባለው ዝግጅት ላይ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ቻርልስ ቫን ዶረን ተቀናቃኙን ኸርበርት ስቴምፕልን አሸንፎ የአገሪቱ የምሁርነት ምልክት ሆኖ ነበር። ኋላ ላይ ግን መልሶቹ አስቀድመው ይሰጡት እንደነበር ታወቀ፤ ራሱም እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1959 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይህንኑ አመነ። ስቴምፕልም የተሸነፈው ተሸነፍ ስለተባለ ነበር። ሚሊዮኖች የተመለከቱት የዕውቀት ትርኢት የጥያቄውና የመልሱ ባለቤት የሆነው ወገን የቀረጸው ድራማ ነበር ማለት ነው።

3. ተወዳዳሪው በወንበሩ ላይ

ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚመለከት ሰው «ይህን እንዴት አያውቅም!» ማለት ይቀናዋል። ሆኖም ማወቅና በተፈለገ ቅጽበት ማስታወስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሮጀር ብራውንና ዴቪድ ማክኒል እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች የአንድን ብዙ የማይዘወተር ቃል ትርጉም ሰምተው ቃሉን እንዲናገሩ ተጠየቁ። ቃሉ የጠፋባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ፊደሉንና ስንት ቀለም እንዳለው ለይተው መናገር ይችሉ ነበር። እኛ «አፌ ላይ አለ» የምንለው ሁኔታ ይህ ነው። ዕውቀቱ አለ፤ መንገዱ ግን ለጊዜው ተዘግቷል። ሰዓት በሚቆጥርበት፣ ብርሃን ዓይን በሚወጋበትና ዘመድ ወዳጅ በሚመለከትበት መድረክ ላይ ይህ መንገድ ይበልጥ ሊዘጋ እንደሚችል መገመት አይከብድም። ሶፋ ላይ ያለው ተመልካች ግን ሲሳሳት ማንም አይሰማውም፤ ስለዚህ ያገኛቸውን መልሶች እንጂ የሳታቸውን አያስታውስም።

በመሰላላዊው ውድድር ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም ይታከላል። ተወዳዳሪው ከጥያቄው ጋር ብቻ ሳይሆን ከገንዘቡም ጋር ይታገላል። ግማሽ እርግጠኛ የሆነ ሰው ያገኘውን ይዞ ቢመለስ ፈሪ፣ ቢቀጥልና ቢሳሳት ስግብግብ ይባላል። እዚህ ላይ የሚፈተነው ዕውቀት ሳይሆን ሰው የራሱን ዕውቀት ልክ የመመዘን ችሎታው ነው፤ ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ ዕውቀት ቢሆንም በመድረኩ ላይ ስም የለውም።

ስለ እርዳታዎቹም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ጄምስ ሱሮዊኪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ስለ ብዙኃን ጥበብ የሚያትት መጽሐፍ እንደ ጠቀሰው፣ በአሜሪካው የሚሊየነር ዝግጅት ላይ ተወዳዳሪው በስልክ የሚያማክረው ዐዋቂ ወዳጅ በትክክል የመለሰው ከመቶ 65 ያህል ጊዜ ሲሆን፣ በአዳራሹ የተገኘው ተመልካች በድምፅ ብልጫ በትክክል የመለሰው ግን ከመቶ 91 ጊዜ ነው። ለሁለቱ ወገኖች የሚቀርቡት ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ንጽጽሩ ጥንቃቄ ይሻል። ቢሆንም በዘፈቀደ የተሰበሰበ ሕዝብ ከተመረጠ አንድ ዐዋቂ የማያንስበት ጊዜ እንዳለ ያመለክታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂላችን በዚህ መድረክም ይሠራል።

4. የጠያቂው ብልጫ

ለዚህ ጽሑፍ ዋና መሠረት የሆነው ሊ ሮስ፣ ቴሬሳ አማቢሌና ጁሊያ ስታይንሜትዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት ሙከራ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው ይህ ሙከራ ተማሪዎችን ሁለት ሁለት አድርጎ አንደኛውን ጠያቂ፣ ሌላውን ተወዳዳሪ አደረገ። ምደባው የተደረገው በዕጣ መሆኑን ሁሉም ያውቁ ነበር። ጠያቂው ከራሱ ዕውቀት በመነሣት አሥር አስቸጋሪ ጥያቄዎችን እንዲያወጣ ታዘዘ። ተወዳዳሪዎች በአማካይ ከአሥሩ አራት ያህሉን መለሱ።

ከዚያም ሁሉም የየራሳቸውንና የጓደኛቸውን አጠቃላይ ዕውቀት እንዲመዝኑ ተጠየቁ። ተወዳዳሪዎች ጠያቂዎቻቸውን ከራሳቸው እጅግ አብልጠው ገመቱ። ከውጭ ሆነው የተመለከቱ ታዛቢዎችም እንዲሁ ጠያቂውን ይበልጥ ዐዋቂ አደረጉት። ይሁን እንጂ በዕጣ የተለዩ ሁለት ተማሪዎች ናቸው፤ ሚናቸው ቢገለበጥ ፍርዱም በተገለበጠ ነበር። ጠያቂው የሚያውቀውን ብቻ መርጦ ጠየቀ፤ የማያውቀውን ሁሉ የመደበቅ ዕድልም አገኘ። ተወዳዳሪው ግን የሚያውቀውን የማሳየት ዕድል አላገኘም። ተመልካች ይህን ልዩነት ሳያሰላ ሚናን ከችሎታ ጋር አደባለቀው።

የቴሌቪዥኑ መድረክ ይህን ስሕተት ያጎላዋል። የዝግጅቱ መሪ መልሱ የተጻፈበትን ወረቀት በእጁ ይዟል። ተወዳዳሪው ሲሳሳት መሪው ፈገግ ብሎ ትክክለኛውን መልስ ያነባል፤ ለተመልካችም ሁልጊዜ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ይታያል። ወረቀቱን ተወዳዳሪው ይዞት ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን በመምህርና በተማሪ፣ በቢሮ ኃላፊና በባለጉዳይ፣ በሐኪምና በታካሚ መካከልም የሚሠራ ጥያቄ ነው። ጠያቂ የመሆን ሥልጣን ያለው ሰው የዕውቀቱን ልክ ሳያስለካ የሌላውን ይለካል።

5. እንቆቅልሽና ተጠየቅ፦ የሚዞር ሚና

የአገራችን ባህል የጥያቄና መልስ ጨዋታን የሚያውቀው በሌላ ሕግ ነው። በእንቆቅልሽ ጨዋታ ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል። ይህ የመግቢያ ቃል በራሱ ትኩረት የሚሻ ነው፤ ተጠያቂው ገና ከመጀመሩ አለማወቅን እንደ ጨዋታው ደንብ እንጂ እንደ ነውር አይቀበለውም። መልሱ ከጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጠያቂውም የተሰጠውን አገር ተቀብሎ እየተኩራራ፣ ተሸናፊውንም እየቀለደበት መልሱን ይነግረዋል። ስድቡም ሹመቱም የጨዋታ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ተራው ይዞራል። አሁን ጎጃምን የሰጠው ልጅ ጥቂት ቆይቶ ሸዋን ይቀበላል። ማንም ማታውን ሙሉ ተጠያቂ ሆኖ አያመሽም።

የቀድሞው የሙግት ሥርዓትም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። «ተጠየቅ» እና «በላ ልበልሃ» በሚባለው የሙግት ስልት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ፊት ለፊት ቆመው አንዱ ሌላውን ይጠይቃል፤ በማር ወይም በበቅሎ ውርርድ ይገባሉ፤ የተጠየቀውም በተራው ጠያቂ ይሆናል። የንግግር ችሎታ፣ የሕግ ዕውቀትና ድፍረት አብረው ይመዘናሉ። እርግጥ ነው፣ ይህ ሥርዓት ፍጹም አልነበረም፤ አንደበተ ርቱዕ የሆነው እውነት ያለውን ሊረታበት ይችላል። ያም ሆኖ መጠየቅን ለአንድ ወገን ብቻ አልሰጠም።

ስለዚህ ዘመናዊው የጥያቄና መልስ ውድድር ከእንቆቅልሽ የወሰደው ጥያቄውን፣ ውጥረቱንና ሽልማቱን ነው። የተወው ደግሞ የሚናውን መዞር ነው። በሮስና በባልደረቦቹ ሙከራ የታየውን የተዛባ ፍርድ ማረሚያው ይኸው የተተወው ደንብ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

6. ጥያቄው ሲሳሳት

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በትምህርት ቤት የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ክፍሌን ወክዬ ቆሜ ነበር። ጥያቄው «የዓድዋ ድል የተገኘው በስንት ዓመት ነው?» የሚል ነበር። «በ1888» አልኩ። ወረቀቱን የያዙት መምህር «ተሳስቷል፤ ትክክለኛው መልስ 1896 ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ተቀናቃኙ ክፍልም በዚያች ነጥብ አሸነፈ። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ መጋቢት 1 ቀን 1896 መሆኑን በዚያ አዳራሽ የማያውቅ መምህር የነበረ አይመስለኝም። ጥያቄው ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተቀዳ፣ የዘመን አቆጣጠሩ ሳይጠቀስ በአማርኛ የተነበበ ነበር። እጅግ የሚያስደንቀኝ የመምህሩ ስሕተት አይደለም፤ ማንም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ አለመቃወማችን ነው። ወረቀቱ ከተናገረ በኋላ የማውቀውን ነገር ራሱ ተጠራጠርኩ።

ይህ ዓይነቱ ጉድለት ብዙ መልክ አለው። ጥቂቶቹን እንመልከት።

ሀ) ያልተወሰነ ጥያቄ፦ «በኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ብዙዎቻችን አበበ ቢቂላ እንላለን። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ያሸነፈው ኬን ማካርተር ለደቡብ አፍሪካ የሮጠ ሲሆን፣ በ1928 በአምስተርዳም ለፈረንሳይ የሮጠው ቡጌራ ኤል ዋፊ ደግሞ የአልጄሪያ ተወላጅ ነበር። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ የተቀዳጀው ክብር የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤትነት ነው። አንዲት ቃል ስትጎድል ትክክለኛው መልስ ይለወጣል።

ለ) አከራካሪ ጥያቄ፦ «የዓለም ረጅሙ ወንዝ ማን ነው?» ለሚለው የተለመደው መልስ ናይል ቢሆንም፣ የአማዞን መነሻ የት ነው በሚለው ላይ በመመሥረት አማዞን ይበልጣል የሚሉ አጥኚዎች አሉ። ውድድሩ ይህን ክርክር «ትክክል» እና «ስሕተት» በሚሉ ሁለት ቃላት ይዘጋዋል።

ሐ) በአቆጣጠር የሚወሰን ጥያቄ፦ «የአማርኛ ፊደል ስንት ነው?» ለሚለው 33 መሠረታውያን ፊደላትን በሰባት ቤት ያባዛ 231 ይላል፤ «ቨ»ን የጨመረ 238 ይላል፤ ዲቃላ ፊደላትን የቆጠረ ደግሞ ከዚያ በላይ ይላል። ሁሉም የሚያውቁት አንድ ነገር ሲሆን የቆጠራቸው ደንብ ግን ይለያያል።

በእነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች የተሳሳተው ተወዳዳሪው ሳይሆን ጥያቄው ነው። ነጥብ የሚቀነሰው ግን ከተወዳዳሪው ነው።

7. ያልተጠየቀ ዕውቀት

አሁን ወደ አባቴ ዝምታ እንመለስ። ጊልበርት ራይል እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር እንዲህ መሆኑን ማወቅና አንድን ነገር እንዴት እንደሚሠሩት ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን አስረድቷል። የመጀመሪያው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነገር ይችላል፤ ሁለተኛው የሚታየው በድርጊት ነው። የጥያቄና መልስ ውድድር በአሥር ሴኮንድ ውስጥ በአንድ ቃል ሊመለስ የሚችለውን ብቻ ስለሚቀበል፣ በተፈጥሮው የመጀመሪያውን ዕውቀት ያነግሣል፤ ሁለተኛውን ደጅ ያስጠናል።

አቃቂ ቃሊቲ ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታይበት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በአቃቂ በኩል ያልፍ ነበር፤ በሐዲዱ አካባቢም የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ፣ የምግብ ፋብሪካዎች ተተከሉ። የከተማዋን ነዋሪ ከሚያጠጡት ምንጮች አንዱ በአቃቂ የተቆፈሩት የከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓዶች ናቸው። ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድም የሚጀምረው ከዚሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ማሽን የሚያስተካክል፣ ፓምፕ የሚጠግን፣ ሸማ የሚሸምን፣ ጭነት የሚያሰናዳ እጅ ነው። የአካባቢው ትልቁ ሀብት በአንድ ቃል የማይመለስ ዕውቀት ነው ማለት ይቻላል።

በአንድ ቃል ሊመለስ የሚችለውም ቢሆን ከአካባቢው አይጠየቅም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመር በደቡብ በኩል የሚያበቃው የት ነው? በክፍለ ከተማው የሚገኘው ሆስፒታል በስሟ የተጠራላት አትሌት እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ በየትኞቹ ርቀቶች ወርቅ አገኘች? መልሶቹ «ቃሊቲ» እንዲሁም «በ5,000 እና በ10,000 ሜትር፣ ጥሩነሽ ዲባባ» ናቸው። የሩቅ አገር ዋና ከተማ የሚያውቅ ተማሪ የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚመጣ ባያውቅ ማን ይወቅሰዋል? የሚወቅሰው የለም፤ የሚጠይቀው የለምና።

የአፍሪካን ዋና ከተሞች ማወቅ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። እኔም ያደግሁት እነርሱን በመሸምደድ ነው፤ ለንባብ ያነሣሡኝም እነርሱ ናቸው። የሠፈራችንን ልጆች በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ ሰብስቦ መጽሐፍ እንዲገልጡ ያደረገ ዝግጅት ሊናቅ አይገባውም። ችግሩ አንዱ የዕውቀት ዓይነት የዕውቀት ሁሉ መለኪያ ሲሆን ነው።

8. ለትምህርት ቤት ውድድሮች የሚጠቅሙ ምክረ ሐሳቦች

መጠየቅ በራሱ ለትምህርት ጠቃሚ መሆኑን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አለ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ካነበቡት ተማሪዎች ይልቅ አንብበው ከዚያ ራሳቸውን የፈተኑት ከአንድ ሳምንት በኋላ የተሻለ አስታውሰዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ግን ደጋግመው ያነበቡት ይበልጡ ነበር። ስለዚህ የጥያቄና መልስ ውድድርን ማስቀረት ሳይሆን ማስተካከል ይሻላል። የሚከተሉት አራት ነጥቦች ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊሠራባቸው ይችላል።

አንደኛ፣ ሚናው ይዙር። በእንቆቅልሽ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ቡድን ለተቀናቃኙ ጥያቄ የማውጣት ተራ ይኑረው፤ ጥሩ ጥያቄ ማውጣትም ነጥብ ያስገኝ። ሁለተኛ፣ የይግባኝ መብት ይኖር። ተወዳዳሪው ጥያቄው ጎደሎ ነው ብሎ ካመነ ምክንያቱን በአንድ ደቂቃ ያስረዳ፤ ካሳመነ ነጥቡ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ ዓመተ ምሕረት የሚጠይቅ ጥያቄ ሁሉ የዘመን አቆጣጠሩን ይግለጽ፤ «የመጀመሪያ» እና «ትልቁ» የሚሉ ቃላት ያሉበት ጥያቄም በሁለት መምህራን ይመርመር። አራተኛ፣ ከጥያቄዎቹ የተወሰኑት ከአካባቢው ይውጡ፤ ከተቻለም አንድ ዙር በድርጊት የሚመለስ ይሁን። የተፈታ የውኃ ቧንቧ መግጠም፣ የጨርቅን ዓይነት በመዳሰስ መለየት፣ ካርታ ላይ የራስን ሠፈር ማግኘት ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። በዚህ ዙር ወላጆች ዳኛ ሆነው ቢጋበዙ ውድድሩ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚወስድ መንገድ ይሆናል።

9. ማጠቃለያ

የጥያቄና መልስ ተወዳዳሪ በመድረክ ላይ የሚያሳየን የዕውቀቱን ጠቅላላ መጠን ሳይሆን፣ ሌላ ሰው በመረጠው ጥያቄ፣ ሌላ ሰው በወሰነው ጊዜ፣ ሌላ ሰው በያዘው ወረቀት ፊት ያደረገውን ነው። ይህን ማስተዋል ለአሸናፊው ያለንን አድናቆት አይቀንስም፤ በተሸናፊው ላይ የምንቸኩለውን ፍርድ ግን ይገታል። ለተመራቂዎችና ለመምህራን ደግሞ ተጨማሪ ኃላፊነት ያመጣል። ነገ በክፍልና በቢሮ ወረቀቱን የምንይዘው እኛ ነንና።

ይህን ጽሑፍ በማዘጋጅበት ወቅት አባቴን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ ማሽን በድምፁ የሚታወቀው እንዴት ነው? መልሱ በአንድ ቃል አላለቀም። አንድ ምሽት ሙሉ ወሰደ፤ ቴሌቪዥኑም በዚያ ምሽት ሳይከፈት አደረ። ሲጨርስ «አሁን ደግሞ አንተ ተጠየቅ» አለኝና ሁለት ድምፆችን በአፉ አስመስሎ አሰማኝ፤ የትኛው የጤነኛ፣ የትኛው ሊበላ የተቃረበ ኩሽኔታ እንደሆነ እንድለይ። ተሳሳትኩ። አገር ሰጠሁት።